ግዛዋ እና የጡንቻ ጤና

ግዛዋ ወይም ጊዜዋ (የሳይንስ ስሙ ዊታኒያ ሶምኒፌራ) በኢትዮጵያ፣ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በሕንድ የሚበቅል መድኃኒትነት ያለው ቁጥቋጦ ነው። በትግርኛ አጎል ይባላል። አዩርቬዳ በሚባለው የሕንድ ባህላዊ ሕክምና አሽዋጋንዳ በሚል ስም የታወቀ ሲሆን፣ ሥሩ ከጥንት ጀምሮ ለአቅም ማነስና ለሰውነት መመንመን ሲሰጥ ኖሯል። በአሁኑ ጊዜ የሥሩ ንጥር በእንክብልና በዱቄት መልክ እየተዘጋጀ የጡንቻ ጉልበት እንዲጨምርና ከልምምድ በኋላ ቶሎ ለማገገም እንዲረዳ ተብሎ በብዙ አገሮች ይሸጣል።

እስካሁን በሰው ላይ የተደረጉ ሙከራዎች የሥሩ ንጥር ከክብደት ማንሳት ልምምድ ጋር ሲወሰድ ጉልበትን በመጠኑ እንደሚጨምርና የጡንቻ ጉዳት ምልክቶችን እንደሚቀንስ ያመለክታሉ። ሆኖም ሙከራዎቹ አነስተኛና አጭር ናቸው። ከዚህም ሌላ ተክሉ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የጉበት ጉዳት አድርሷል። በጥናቶቹ የተፈተነው በመጠን የተዘጋጀ የሥር ንጥር እንጂ በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው ግዛዋ ስላልሆነ፣ የአንዱን ውጤት በቀጥታ ለሌላው መስጠት አይቻልም።

ስያሜ

አሽዋጋንዳ የሚለው የሳንስክሪት ቃል ከሁለት ቃላት የተሠራ ነው፤ «አሽዋ» ፈረስ፣ «ጋንዳ» ሽታ ማለት ነው። ስሙ የተሰጠው እርጥቡ ሥር የፈረስ ሽታ ስላለው ነው፤ በሕዝቡ ዘንድ ግን ሥሩን የሚወስድ ሰው የፈረስ ጉልበት ያገኛል የሚል ትርጉምም ይሰጠዋል። ሶምኒፌራ የሚለው የላቲን ቃል ደግሞ «እንቅልፍ አምጪ» ማለት ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ ተክሉን በ1753 እ.ኤ.አ. ፊዛሊስ ሶምኒፌራ ብሎት ነበር። አሁን የሚጠራበትን ስም ያገኘው በ1852 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሚሼል ፌሊክስ ዱናል ወደ ዊታኒያ ወገን ካዛወረው በኋላ ነው።

የተክሉ ባሕርይና አስተዳደግ

ግዛዋ የቲማቲም፣ የድንች፣ የበርበሬ፣ የእምቧይና የአስተናግር ቤተሰብ ነው። ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል አይበልጥም። ግንዱና ቅጠሉ አመድማ በሆኑ ጥቃቅን ጸጉሮች የተሸፈኑ ናቸው። አበባው ትንሽና ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ ነው። ፍሬው ሲበስል ቀይ ይሆናል፤ ወረቀት በሚመስል ስስ ከረጢት ተሸፍኖ ስለሚገኝ ከሌሎች ቁጥቋጦዎች ለመለየት ያግዛል።

በኢትዮጵያ በመንገድ ዳር፣ በአጥር ሥር፣ በሰፈር ዙሪያና ባደረ መሬት ላይ ራሱን ችሎ ይበቅላል። በሕንድ ግን በእርሻ የሚለማ ሰብል ነው፤ በተለይ በማድያ ፕራዴሽ ግዛት በኒሙችና በማንድሳውር አካባቢ በሰፊው ይመረታል። ሥሩ ከተዘራ ከ5 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ተነቅሎ፣ ታጥቦና ደርቆ ለገበያ ይቀርባል።

በባህላዊ ሕክምና

ቻራካ ሳምሂታ የተባለው ጥንታዊ የአዩርቬዳ መጽሐፍ አሽዋጋንዳን ከሁለት የመድኃኒት ምድቦች ውስጥ ያስገባዋል፤ አንደኛው ጉልበት ሰጪ፣ ሁለተኛው ሰውነት አወፋሪ ተብሎ የሚተረጎም ነው። የደረቀው ሥር ተፈጭቶ በወተት፣ በቅቤ ወይም በማር ይወሰዳል። ከሕመም ለሚያገግሙ፣ ለከሱ ሰዎችና ለአረጋውያን ይታዘዛል። የዛሬው የስፖርት ገበያ ተክሉን ከጡንቻ ጋር ያያያዘው ከዚህ ልማድ ተነሥቶ ነው።

በኢትዮጵያ ባህላዊ ሕክምና ግዛዋ የታወቀው በሌላ አገልግሎት ነው። ሥሩ በብዛት የሚታጠን ሲሆን፣ ለቡዳና ለመሳሰሉት ከመንፈስ ጋር ለሚያያዙ ሕመሞች ይጠቅማል ተብሎ ይታመናል። በአንዳንድ አካባቢዎች ለቁርጥማትና ለወባም ይሰጣል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ተክል በሁለት ባህሎች ሁለት የተለያየ ሥራ ይዞ ይገኛል።

በውስጡ የሚገኙ ንጥረ ነገሮች

የተክሉ ዋና ንጥረ ነገሮች ዊታኖላይዶች ይባላሉ፤ በአወቃቀራቸው ከስቴሮይድ ወገን ናቸው። ከእነዚህ መካከል በይበልጥ የተጠኑት ዊታፈሪን ኤ፣ ዊታኖላይድ ኤ እና ዊታኖን ናቸው። የዊታፈሪን ኤ አወቃቀር የተገለጸው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በእስራኤል ረሖቮት በሚገኘው የቫይዝማን ሳይንስ ተቋም በዴቪድ ላቪና በባልደረቦቹ ሥራ ነው። ጥናቱ የተደረገው በዚያው አገር በበቀለ ተክል ላይ ነበር።

የተቋሙ ተመራማሪዎች በመልክ አንድ የሚመስሉ ተክሎች እንደ በቀሉበት ቦታ የተለያየ የዊታኖላይድ ይዘት እንዳላቸው ደርሰውበታል፤ በእስራኤል ብቻ ሦስት ዓይነት ኬሚካላዊ ዝርያዎችን ለይተዋል። የንጥረ ነገሮቹ መጠን በተክሉ ክፍልም ይለያያል፤ ዊታፈሪን ኤ አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ይልቅ በቅጠሉ ውስጥ በብዛት ይገኛል።

ጡንቻ እንዴት ይጠገናል

ተክሉ በጡንቻ ላይ ያደርገዋል የሚባለውን ለመረዳት የጡንቻን ጥገና ሂደት ማወቅ ያስፈልጋል። ከባድ ወይም ያልተለመደ እንቅስቃሴ፣ በተለይም ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደት የሚሸከምበት፣ በጡንቻ ጭረቶች ውስጥ ጥቃቅን መቀደዶችን ይፈጥራል። ጥገናው የሚከተሉት ደረጃዎች አሉት።

• ብግነት፦ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ተጎዳው ቦታ ገብተው የተበላሸውን ያጸዳሉ። ከልምምድ በኋላ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚበረታው ሕመም በዚህ ጊዜ ይሰማል።
• የሕዋሳት መራባት፦ በጡንቻ ጭረቶች ጠርዝ ላይ ተኝተው የሚቆዩ ሳተላይት ሕዋሳት የሚባሉ እናት ሕዋሳት ነቅተው ይራባሉ። እነዚህን ሕዋሳት በ1961 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የገለጻቸው አሌክሳንደር ማውሮ ነው።
• መዋሐድና ግንባታ፦ የተራቡት ሕዋሳት ከተጎዳው ጭረት ጋር ይዋሐዳሉ፤ ከምግብ በተገኘው ፕሮቲንም አዲስ የጡንቻ ፕሮቲን ይሠራል።

ጡንቻ ሲጎዳ ክሪያቲን ካይኔዝ የተባለ ኢንዛይም ወደ ደም ይፈሳል። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው የዚህ ኢንዛይም መጠን ጉዳቱን ለመገመት እንደ መለኪያ ያገለግላል። ብግነቱ ጎጂ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ያለ እሱ ጽዳቱም ሆነ የሳተላይት ሕዋሳት መንቃት በአግባቡ አይካሄድም።

በጡንቻ ላይ ያለው ውጤት

ጉልበትና መጠን

በብዛት የሚጠቀሰው ሙከራ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው ነው። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 50 የሆነና በክብደት ልምምድ ብዙ ልምድ የሌላቸው 57 ወንዶች ተሳትፈዋል። ከፊሎቹ 300 ሚሊግራም የሥር ንጥር በቀን ሁለት ጊዜ ሲወስዱ፣ የቀሩት መልኩ ተመሳሳይ የሆነ ባዶ እንክብል (ፕላሲቦ) ወስደዋል። ሁለቱም ቡድኖች ለ8 ሳምንታት ክብደት አንስተዋል። በጀርባ ተኝቶ ክብደት ወደ ላይ በመግፋት (ቤንች ፕሬስ) አሽዋጋንዳ የወሰዱት በአማካይ 46 ኪሎግራም ሲጨምሩ፣ ሌሎቹ 26.4 ኪሎግራም ጨምረዋል። በእግር ልምምድ ጭማሪው 14.5 እና 9.8 ኪሎግራም ነበር። የክንድ ጡንቻ መጠንም በመጀመሪያው ቡድን የበለጠ አድጓል።

በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ሙከራ ለ12 ሳምንታት በቀን 500 ሚሊግራም በወሰዱ ወንዶች ላይ ተመሳሳይ አቅጣጫ ያለው፣ ነገር ግን ያነሰ ውጤት አግኝቷል። በቤንች ፕሬስ ጭማሪው 12.8 ኪሎግራም ሲሆን የፕላሲቦ ቡድን 8 ኪሎግራም ጨምሯል። ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ በመነሣት (ስኳት) ደግሞ 19.1 እና 10 ኪሎግራም ነበር።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገሮችን ማየት ይቻላል። አንደኛ፣ ባዶ እንክብል የወሰዱትም በግልጽ በርትተዋል፤ በሁለቱም ሙከራዎች አሽዋጋንዳ የወሰዱት ካገኙት ጭማሪ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ሌሎቹ በልምምድ ብቻ አግኝተውታል። ሁለተኛ፣ በ8 ሳምንት ውስጥ 46 ኪሎግራም መጨመር ለማንኛውም ምግብ ተጨማሪ ያልተለመደ ትልቅ ውጤት ነው፤ ሁለተኛው ሙከራ ረዘም ባለ ጊዜ ያገኘው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

ጉዳትና ማገገም

በ2015ቱ ሙከራ ከልምምድ በኋላ በደም ውስጥ የሚታየው የክሪያቲን ካይኔዝ ጭማሪ አሽዋጋንዳ በወሰዱት ላይ ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ይህ ውጤት የጡንቻው መጎዳት መቀነሱን ወይም ቶሎ ማገገሙን ሊያመለክት ይችላል። ነገር ግን የኢንዛይሙ መጠን ከሰው ሰው በጣም ስለሚለያይና ተዘዋዋሪ መለኪያ ስለሆነ ብቻውን ጥገናው መፋጠኑን አያረጋግጥም። ለዚያ ከጡንቻው ናሙና ተወስዶ የሳተላይት ሕዋሳት ሁኔታ መታየት አለበት።

በሕዋስ ደረጃ በቤተ ሙከራ የተደረጉ ጥናቶች አንዳንድ ዊታኖላይዶች ያልበሰሉ የአይጥ ጡንቻ ሕዋሳት ወደ በሰለ ጡንቻ እንዲለወጡ እንደሚረዱ አሳይተዋል። በሌላ በኩል ዊታፈሪን ኤ በከፍተኛ መጠን ሕዋሳት እንዳይራቡ ያደርጋል፤ በካንሰር ምርምር የሚጠናውም በዚሁ ጠባዩ ነው። የጡንቻ ጥገና በሕዋሳት መራባት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ መጠን ሲበዛ ጥቅሙም ይበዛል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው።

የትንፋሽ አቅም

በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት 50 ጤናማ ስፖርተኞችን ለ12 ሳምንታት ተከታትሎ፣ ሰውነት በከባድ እንቅስቃሴ ጊዜ ሊጠቀምበት የሚችለው የኦክስጅን መጠን አሽዋጋንዳ በወሰዱት ላይ የበለጠ መጨመሩን ዘግቧል። የተለያዩ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ሥራዎችም በዚህ ረገድ ጥሩ ውጤት እንዳለ አመልክተዋል።

ውጤቱ የሚመጣበት መንገድ

ተክሉ በጡንቻ ላይ የሚሠራበት መንገድ በእርግጠኝነት አልተለየም። ዋና ዋናዎቹ መላምቶች የሚከተሉት ናቸው።

• ኮርቲሶልን መቀነስ፦ ኮርቲሶል በጭንቀት ጊዜ የሚመነጭ ሆርሞን ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ሲበዛ የጡንቻ ፕሮቲን እንዲፈርስ ያደርጋል። በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ሙከራ 64 ጭንቀት ያለባቸው ሰዎች ለ60 ቀናት ተከታትለው፣ አሽዋጋንዳ በወሰዱት ላይ የኮርቲሶል መጠን በ27.9 በመቶ ቀንሷል።
• ቴስቶስትሮን፦ በአንዳንድ ሙከራዎች በወንዶች ላይ ይህ ጡንቻ ገንቢ ሆርሞን ጨምሮ ተገኝቷል።
• ብግነትን ማብረድ፦ ዊታፈሪን ኤ ኤንኤፍ-ካፓ ቢ የተባለውን የብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲን ሥራ እንደሚገታ በቤተ ሙከራ ታይቷል።
• እንቅልፍ፦ ተክሉ እንቅልፍ ለማጣት ችግር የተወሰነ እርዳታ ያደርጋል። አብዛኛው የሰውነት ጥገና በእረፍትና በእንቅልፍ ጊዜ ስለሚከናወን፣ በተዘዋዋሪ ጡንቻን ሊጠቅም ይችላል።

የጥናቶቹ ውስንነት

አብዛኞቹ ሙከራዎች ከመቶ ያነሱ ተሳታፊዎች ነበሯቸው፤ ጊዜያቸውም ከ3 ወር እምብዛም አያልፍም። በጡንቻ ላይ ባተኮሩት ጥናቶች የተሳተፉት በብዛት ወጣትና ጤናማ ወንዶች ናቸው፤ ሴቶችና አረጋውያን ጥቂት ናቸው። ከጥናቶቹ በርካታዎቹ የተካሄዱት ንጥሩን በሚያመርቱ ኩባንያዎች ድጋፍ ነው። እያንዳንዱ ጥናት የተጠቀመው ንጥር የተለያየ መሆኑም ውጤቶቹን ለማነጻጸር አስቸጋሪ አድርጎታል። በጡንቻ መቀደድ፣ በወለምታ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባለ ማገገም ላይ ተክሉ ስላለው ጥቅም አሳማኝ ማስረጃ የለም።

ለንጽጽር ያህል፣ ክሪያቲን የተባለው ምግብ ተጨማሪ ጉልበትንና የጡንቻ መጠንን ለመጨመር ከአሽዋጋንዳ እጅግ የበዛና የጠነከረ ማስረጃ አለው። በቂ ፕሮቲን መመገብም ከማንኛውም እንክብል የሚቀድም ነው። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ብቻ ሳይሆኑ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላም ጥሩ የፕሮቲን ምንጮች ናቸው።

የኢትዮጵያው ግዛዋና የሕንዱ አሽዋጋንዳ

ሁለቱ በሳይንስ ስም አንድ ዝርያ ናቸው። ይህ ማለት ግን በጥናት የተገኘው ውጤት በአገር ቤት ግዛዋ ይገኛል ማለት አይደለም። ለዚህ ሦስት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው የይዘት ልዩነት ነው። የሕንዱ ተክል በእርሻ ተመርጦ የለማ ሲሆን፣ ለጥናት የሚውለው ንጥር የዊታኖላይድ መጠኑ ተለክቶ ይዘጋጃል። በዱር የበቀለ ተክል ይዘት ግን እንደ ቦታውና እንደ ዝርያው ይለያያል፤ ሳይመረመር በዓይን ማወቅ አይቻልም።

ሁለተኛው የተክሉ ክፍል ነው። በአዩርቬዳ ለውስጥ ደዌ የሚሰጠው በዋናነት ሥሩ ነው። የሕንድ መንግሥት የባህላዊ ሕክምና ሚኒስቴር በ2021 እ.ኤ.አ. አምራቾች በአሽዋጋንዳ ውጤቶች ውስጥ ቅጠሉን እንዳይጠቀሙ አሳስቧል።

ሦስተኛው የአጠቃቀም መንገድ ነው። በኢትዮጵያ የተለመደው ማጠን ሲሆን፣ በሙከራዎቹ የተፈተነው በአፍ የሚወሰድ ንጥር ነው። ጭሱን መታጠን ጡንቻን እንደሚጠቅም የሚያሳይ ጥናት የለም። ከዚህም በላይ ቤተሰቡ እንደ አስተናግር ያሉ ኃይለኛ መርዝ ያላቸው ተክሎች ስለሚገኙበት፣ ተክሉን በደንብ ሳይለዩ ነቅሎ መጠጣት ለሕይወት አደገኛ ሊሆን ይችላል።

አወሳሰድ

በሕንድ የአዩርቬዳ መድኃኒቶች መዝገብ መሠረት የደረቀ ሥር ዱቄት መጠን በቀን ከ3 እስከ 6 ግራም ነው። በዘመናዊ ሙከራዎች ብዙ ጊዜ የተሰጠው ከ300 እስከ 600 ሚሊግራም የሥር ንጥር ነው። ዱቄትና ንጥር አንድ አይደሉም፤ ንጥሩ በጥቂት መጠን ብዙ ዊታኖላይድ ስለሚይዝ የዱቄቱን ግራም ለንጥሩ መጠቀም ከመጠን በላይ መውሰድን ያስከትላል። በሙከራዎቹ ለውጥ የታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንታት በኋላና ከመደበኛ ልምምድ ጋር ነው።

የጎንዮሽ ጉዳትና ጥንቃቄ

በአብዛኛው ሰው ላይ የሚታዩት የሆድ መረበሽ፣ ተቅማጥና መጫጫን ናቸው። ከእነዚህ የከፋው የጉበት ጉዳት ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ከአይስላንድና ከአሜሪካ የተሰበሰቡ 5 ሕሙማን ሁኔታ ታትሟል፤ ሁሉም አሽዋጋንዳ ከወሰዱ በኋላ ዓይናቸውና ቆዳቸው ቢጫ ሆኖ ነበር። ጉዳቱ በብዛት የሚታየው መውሰድ ከተጀመረ ከ2 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ይሻላል። ቀድሞ የጉበት በሽታ ባለባቸው ሰዎች ግን ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ የጉበት ቫይረስ ያለበት ወይም በተለምዶ የወፍ በሽታ የሚባለው ሕመም የነካው ሰው ተክሉን መውሰድ የለበትም። የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆርና የሰውነት ማሳከክ ከታዩ ወዲያውኑ አቁሞ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ዴንማርክ በ2023 እ.ኤ.አ. ተክሉ በምግብ ተጨማሪዎች ውስጥ እንዳይሸጥ ከልክላለች።

ከዚህ በታች የተዘረዘሩትም ያለ ሐኪም ምክር ሊወስዱት አይገባም።

• ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች፦ በብዛት ሲወሰድ ውርጃ ሊያስከትል እንደሚችል ይታመናል።
• የእንቅርት (ታይሮይድ) ሕመም ያለባቸው፦ የታይሮይድ ሆርሞንን ሊጨምር ይችላል።
• የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የእንቅልፍ ወይም የሰውነት መከላከያን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስዱ፦ የመድኃኒቱን ሥራ ሊያጠነክር ወይም ሊያዛባ ይችላል።
• በሆርሞን የሚባባስ የፕሮስቴት ካንሰር ያለባቸው።

በአሜሪካ አሽዋጋንዳ የሚሸጠው እንደ ምግብ ተጨማሪ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ምርት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ደኅንነቱና ውጤቱ በመንግሥት ተቆጣጣሪ መጽደቅ አያስፈልገውም። ስለሆነም ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ሁሉ ተመርምሮ የጸደቀ አይደለም፤ ከውጭ የሚላክ እንክብልም ከዚህ የተለየ ዋስትና የለውም።

ለተወዳዳሪ አትሌቶች አሽዋጋንዳ በዓለም አቀፉ የጸረ-አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ (ዋዳ) የተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ የለም። ሆኖም ጡንቻ ያሳድጋሉ ተብለው የሚሸጡ ምርቶች አንዳንድ ጊዜ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፉ የተከለከሉ ስቴሮይዶች ተቀላቅለውባቸው ይገኛሉ። በደንቡ መሠረት አትሌቱ በሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ነገር ሁሉ ራሱ ተጠያቂ ስለሆነ፣ ሳያውቅ መውሰዱ ከጥፋተኝነት ነጻ አያደርገውም።